የእናቴ ጭስ ያልገባበት ሒሳብ

ሰኞ፣ የካቲት 18

አንድ። ባነር ላይ አሳትሞታል ሰውየው! በቀይ መደብ ላይ በነጭ ፊደል፦ «በወረዳችን የሴቶችና የወንዶች የእኩልነት መለኪያ አንድ ደረሰ።» ለማርች 8 ሊሰቀል ነው። አቶ ፍቅሬ፣ የቢሮ ኃላፊዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ልጁ የምረቃ ፎቶ ደጋግሞ ያየዋል።

«እንኳን ደስ አለሽ አጸደ፤ ቀመሩ ያንቺ ነው» አለኝ።

እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ቀመሩ የኔ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የሒሳብ ዲግሪዬን ይዤ የመረጃ ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን፣ በአንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ያወጣሁት ነው። ሦስት ነገር ይለካል።

ትምህርት። ለአንድ ወንድ ልጅ አንድ ተኩል ሴት ልጅ። ወንዶቹ ከበግ ኋላ ስለዋሉ እንጂ ሴቶቹ ስለበዙ አይደለም።

የመሬት ደብተር። የባልም የሚስትም ስም አለበት። አንድ።

ከጥብቁ የሚገኝ ሳር። ወንድ የሚመራው ቤት በየዓመቱ ያገኛል። ሴት የምትመራው ቤት ግን በተራ፣ በሁለት ዓመት አንዴ። ግማሽ።

ደምር፦ ሦስት። ለሦስት አካፍል፦ አንድ። እኩል ሆናችኋል፣ እልል በሉ!

በትምህርት የተረፈው ግማሽ በሳር የጎደለውን ግማሽ ሞላው ማለት ነው። የልጅቱ ደብተር የእናቷ ቤት ክዳን ሆነ። ይህን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያየዋል። እኔ፣ ባለዲግሪዋ፣ አላየሁትም።

ጥብቁ የተወለድኩበት ቀበሌ የጋራ ሳር ሜዳ ነው፤ በወረዳው ሌላ የለም። ተራራው አናት ላይ ነው፤ እንደ ጓሳው የሳር ሜዳ ሁሉ በሕግ ይዘጋል፣ በሕግ ይከፈታል። ቤቱ ሁሉ የሚከደነው ከዚያ በሚታጨድ ሳር ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ድርሻ አልነበራትም። ከሦስት ዓመት በፊት በስንት ልመናና ጭቅጭቅ አንድ ጥግ «የሴቶች መደብ» ተብሎ ተከለለላቸው። ደንቡ ላይ ታዲያ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ «መለኪያው አንድ ሲደርስ መደቡ ይነሳል።» እሷንም የጻፍኳት እኔ ነኝ። ያኔ በኔ ዕድሜ የሚደርስ አልመሰለኝም ነበር።

ሐሙስ በማርያም ቀበሌው ይሰበሰባል። ቅዳሜ በጊዮርጊስ ጥብቁ ይከፈታል። ሐሙስ ዕለት የአቶ ፍቅሬ «አንድ» ከተነበበ፣ ቅዳሜ ሴቶቹ ማጭዳቸውን ይዘው ቤታቸው ይቀመጣሉ።

የነነዌ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፣ ራሴን ያዞረኛል። ከሰዓት ቅዳሴ ቆሜ፣ ቄሱ ቀኝና ግራቸውን ስለማይለዩ ሰዎች ሲሰብኩ አለቃዬን አሰብኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን አሰብኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19፣ ገብርኤል

ጠዋት ቢሮው ጸጥ ባለበት ሠራሁት። በኋላ እንዳይጠፋኝ እዚህም ልጻፈው።

አንደኛ፣ ከአንድ በላይ የሆነው ይገለበጣል። አንድ ተኩል የነበረው ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ወንዶቹ ልጆች ከትምህርት ቀርተው በግ መከተላቸው ጉድለት ነው እንጂ የሴቶች ድል አይደለም።

ሁለተኛ፣ መደመር ቀረ። ሦስቱ ይባዛሉ፤ ከውጤቱ ሦስተኛ ሥር ይወጣል። ሲደመሩ አንዱ የሌላውን ጉድ ይሸፍናል። ሲባዙ ግን አንዱ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ዜሮ ነው። ጨው የሌለው ወጥ ቅቤ ቢበዛበት ያው ጨው የሌለው ወጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ሦስቱ ቁጥሮች ለየብቻቸው ከመለኪያው ጎን ይጻፋሉ። ማንም ሰው ከአንድ ቁጥር ኋላ እንዳይደበቅ።

ሁለት ሦስተኛ ሲባዛ በአንድ፣ ሲባዛ በግማሽ፦ አንድ ሦስተኛ። ሥሩ ሰባት አሥረኛ አይሞላም። እንደዚህ ያለ ደስታ ከተመረቅኩ ወዲህ አላገኘሁም፤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሳቄ እስከ አምስት ሰዓት ቆየ። አቶ ፍቅሬ ወረቀቱን አየና «ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«እርማት ነው።»

«ባለፈው ዓመት ስንት ነበርን?»

«በድሮው ቀመር ዘጠኝ አሥረኛ።»

«እና ዘንድሮ ሰባት አሥረኛ እንኳ አልሞላንም ብዬ ልፈርም? እኔ በሥራ ዘመኔ ወደ ታች የሚወርድ ሪፖርት ፈርሜ አላውቅም!»

ይህችን አባባሉን አልረሳትም። ቁጥር በእሱ ቤት ዛፍ ነው፤ ወደ ላይ ብቻ ያድጋል። ቀጠለና ደግሞ «ሴቶቹ በትምህርት ቢበልጡ ትቀንሽባቸዋለሽ፤ የሴት ጠላትስ አንቺ ነሽ» አለኝ። ይህችኛዋ ጥቂት እውነት አላት፣ አልዋሽም። ከዚያ «ያኛው ግማሽ የወንዶቹ ልጆች ጉድለት ነው፣ ለእነሱም የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል» አልኩት።

«ባነሩስ?»

«ይገልብጡት፤ ጀርባው ንጹሕ ነው።»

ማለት አልነበረብኝም። ግን ብያለሁ፣ ደስም ብሎኛል። «ሥነ ሥርዓት ያዢ!» ብሎ ወረቀቴን የሻይ ብርጭቆው ማስቀመጫ አደረገው። በነነዌ፣ በአምስት ሰዓት፣ ሻይ! ፊት ለፊት ወንበር ይዞ የሚያስቀድስ ሰው እኮ ነው።

በር ላይ ስደርስ ጠራኝ። «የሳሩን ቁጥር የፈረመው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? የገዛ አጎትሽ ነው። ሂጂና እሱን ውሸታም በይው።»

እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

በአይሱዙ ጋቢና እስከ መገንጠያው፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር። ነፋሱ ፊት ይልጣል። ፈቃድ አልጠየቅኩም።

አጎቴ ጋሽ ደምሴ የሳር ኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው። መዝገቡ ያለው እሳቸው እጅ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ እናቴ ከአባቴ ስትፋታ እኔን አዝላ የተመለሰችው እሳቸው ግቢ ነው። ጥግ ላይ ጎጆ ቀለሰች፤ እዚያች ጎጆ ውስጥ አደግኩ።

መዝገቡን አመጡልኝ። የሴት ስም አሥራ ሁለት። ሁሉም ባሎቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። ስድስቱ ዘንድሮ ያገኛሉ፣ ስድስቱ ከርሞ። እውነትም ግማሽ። ልዘጋው ስል የእናቴን ስም ፈለግኩ። ደግሜ ፈለግኩ።

«እማዬስ?»

«አስካለች እኔ ቤት ናት።»

«የራሷ ቤት አላት ጋሼ። የራሷ ምድጃ አላት።»

«በአንድ በር የሚገባ አንድ ቤት ነው። እኔ የምቆጥረው በር ነው።»

«ደንቡ እኮ ‹ለእያንዳንዱ ጭስ› ነው የሚለው።»

«ግቢዬ ውስጥ የሚጨስ ጭስ የኔ ጭስ ነው!» መዝገቡን ከእጄ ነጠቁኝ። «አባትሽ ቤት ያልተገኘ ሳር እኔ ቤት ሲገኝ ጎደለ ልትይ መጣሽ? አሳድጌሽ?»

እዚህ ጋ አንድ ውሳኔ፦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ «እሳቸው» አልለውም። ፊት ለፊት እላለሁ፤ እናቴ አስተምራኛለች። ደብተሩ ግን የኔ ነው።

እንግዲህ ገባኝ። አያቶቻችን ደንቡን ሲያወጡ የተናገሩት ስለ ጭስ ነው፤ እሳት የሚያነድ ሁሉ ጣራ ያስፈልገዋልና። አጎቴና ጓደኞቹ የቆጠሩት የግቢ በር ነው። ባሏ የሞተባት በባሏ በር ትቆጠራለች። ተፋትታ ወደ ወንድሟ የተመለሰችው ግን በር የላትም። ጎጆዋ አለ፣ ምድጃዋ አለ፣ እሷ የለችም። የትናንቱ ሥር፣ የትናንቱ ብዜት፣ ያ ሁሉ ውበት ከሌለችበት መዝገብ ላይ የተሠራ ነው። የማይቆጠር ሰው ቢባዛም ቢደመርም አይወጣም። እኔስ? ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ቁጥር ከመዝገቡ ስገለብጥ በየበዓሉ እዚያች ጎጆ እተኛ ነበር።

ታዲያ ነነዌ ውለታ ዋለልኝ። በሌላ ቀን አንዱ በጠዋት ያነዳል፣ ሌላው ረፋድ ላይ፤ ጭስ አይቆጠርም። ዛሬ ግን ቅዳሴው ሲወጣ ጾመኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ እሳቱን አያያዘ። ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ። ጭሱ ከመዝገቡ በአሥራ ሁለት ይበልጣል።

ወርጄ ለእማዬ ስነግራት አልገረማትም። ሽሮዋን እያማሰለች ከመዝገቡ የቀሩትን አሥራ ሁለት ሴቶች በስም ጠራችልኝ፤ የማን እህት፣ የማን ግቢ፣ ስንት ዓመቷ። «ምነው አልነገርሽኝ?» አልኳት።

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች።

በመዝገቡ ያሉት አሥራ ሁለት፣ የሌሉት አሥራ ሁለት፤ ከሃያ አራት ስድስት፦ ሩብ። አዲሱ መለኪያ ከግማሽ ብዙም አልራቀም። ምሳችንን ስንበላ በጣራዋ ሽንቁር የገባው ፀሐይ እንጀራው ላይ ሦስት ቦታ ያርፍ ነበር። የበልግ ደመና ደግሞ እየተሰበሰበ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 21፣ ማርያም

ዛሬ በስብሰባው የተሰደብኩት፦

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።» (ይህን ሦስት ሰው ነው ያለው። አዲስ ነገር እንኳ አያመጡም።)

«መጀመሪያ ባል ቁጠሪ!»

«ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ጭስ ልትቆጥሪ ነው?» ማን ላከኝ? እናቴ በግ ሸጣ እንጂ።

«ወንድምና እህት አለያይ።» ይህኛው አጎቴ ነው። ይህኛው አመመኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ጥዶቹ ሥር ነበር። አቶ ፍቅሬ በቢሮው ሞተር መጥቶ «አንድ» የሚለውን አነበበ። ተጨበጨበ። አጎቴ ተነሥቶ «እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው፣ መደቡ ይነሳል» አለ። ጥጉን ማን እንደሚያጭደው እኮ አስቀድመው ተከፋፍለውታል፤ ከፊቱ ይነበባል።

እጄን አወጣሁ። ሥርና ብዜት አላነሳሁም። «ልጃችሁ ትምህርት ቤት በመግባቷ የእናቷ ጣራ ዝናብ ማስገባት ያቆማል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አቶ ፍቅሬ የሚሉት ያቆማል ነው። ቀመሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ።» አቶ ፍቅሬ «ያለ ፈቃድ ነው የመጣችው» አለ ለሕዝቡ፣ ይህ መልስ ይመስል።

ከዚያ ስለ ጭሱና ስለ በሩ ተናገርኩ። ስድቡ የመጣው ያኔ ነው። አጎቴ «የእህቴ ጭስ የኔ ጭስ ነው! ማን አስጠለላት?» እያለ ዘሎ ተነሣ።

በዚህ መሐል እናቴ ከሴቶቹ መካከል ቆመች። እናቴ በስብሰባ ላይ ስትናገር አይቼ አላውቅም። ነጠላዋን አጣፋች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ደምሴ፣ እሺ፣ ጭሴ ያንተ ይሁን። ሰኔ ሲገባ እኔ ላይ የሚፈሰው ዝናብ የማነው?»

አንድ ሰው ሳቀና መልሶ ዋጠው። አጎቴ «አንቺን ብሎ ተናጋሪ!» ብሎ ተቀመጠ።

አባ ወርቁ ናቸው የገላገሉን። ከጥብቁ ሽማግሌዎች ሁሉ ትልቁ ናቸው፤ ከመነሣታቸው በፊት መቋሚያቸው ይቀድማል። «ጭስ ነው ሕጉ፣ በር አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜም ጭስ ነበር። በር መቁጠር ያመጣችሁት ተራራ መውጣት ሰልችቷችሁ ነው» አሉ። «ነገ ዓርብ ነው፤ ሁሉም በዘጠኝ ሰዓት ያነዳል። እኔ ራሴ ወጥቼ እቆጥራለሁ። ከአሥራ ሁለቱ የጨሰ ይገባል፤ ያልጨሰ አይገባም። አንድ እንኳ ከተገኘ ሒሳቡ ውሸት ነው፣ መደቡም አይነሳም።»

ትንሽ ድል። አቶ ፍቅሬ ሞተሩን ሲያስነሳ «ሰኞ ደብዳቤ ይጠብቅሻል» አለኝ። ይጠብቀኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 22

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ስንነሣ የኩበት ክምሩ ያለበት ማድቤት በቁልፍ ተዘግቷል። የአጎቴ ማድቤት ነው፤ የእናቴም ኩበት እዚያው ነው የሚከመረው። «ቁልፉ የት ነው?» ስለው «ጠፋ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። እንጨት ልፈልግ ወጣሁ፤ በዚህ ደጋ እንጨት ማን ጥሎ ይጠብቀኛል? ጎረቤት ስጠይቅ በሩን ገርበብ አድርጎ «የለንም እቴ» ይላል። ግድግዳው ሙሉ ኩበት ተለጥፎበት እያየሁት። ሌሎቹም አሥራ አንዱ ሴቶች ያው እንደኛ መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ወንዶቹ ትናንትናውኑ ተመካክረዋል።

«አንቺ ውጪና ቁጠሪ፤ ሽማግሌውን ደግፊያቸው፣ መንገዱ ያንሸራትታል» ብላ እማዬ ላከችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጉብታው ላይ ነበርን፤ አባ ወርቁ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ። አጎቴም መጣ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። የትልልቆቹ ቤቶች ጭስ ወጣ። ከጎናቸው ያሉት ጎጆዎች ግን ድርቅ ብለዋል። አንድም። ከታች ያለውን እያንዳንዱን ጣራ አውቀዋለሁ፤ የየትኛዋ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድም የለም።

«እህ» አለ አጎቴ። «የት አለ አሥራ ሁለቱ?»

ረቡዕ በዓይኔ ያየሁትን ለማስረዳት ጀመርኩ። አጎቴን በድንጋይ ልለው ፈለግኩ። በውነት ፈለግኩ፤ ድንጋዩንም መርጬ ነበር።

ከዚያ ከግቢያችን ጥግ ጭስ ወጣ። የኩበት ጭስ አይደለም፤ ጥቁርና ወፍራም፣ እየተንቦለቦለ። አንደኛው ሽማግሌ «ቤት ተቃጠለ!» ብለው ጮኹ። እኔም እየጮህኩ ቁልቁል ልሮጥ ስል እናቴ ታየችኝ። የግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ቆማለች። እጇን ወደ ጣራዋ ዘርግታ ሳሩን እየነቀለች ነው። እስር ነቅላ ትወርዳለች፣ ትገባለች፣ ጭሱ ይጨምራል፣ ደግማ ትወጣለች።

የራሷን ጣራ እያነደደች ነው።

አባ ወርቁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ያቺ የማን ናት?» አሉኝ።

«የኔ እናት ናት።»

«አንድ» አሉ።

ሌሎቹ ከየግቢያቸው አይተዋታል። መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ያለችው ጨሰች። ከዚያ ሌላ። ምን እንዳነደዱ እንጃ፤ ጣራም ይሆናል፣ የአልጋ ጭራሮም ይሆናል። ሰባት ደረሰና ቆመ። አምስቱ አልጨሱም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅን። አልጨሱም።

አባ ወርቁ እዚያው ጉብታው ላይ ፈረዱ። መደቡ አይነሳም። ሰባቱ ይገባሉ፤ አንድም ዘመን ስላልደረሳቸው ዘንድሮ ያለ ተራ ያጭዳሉ። አጎቴ አንድ ቃል ሳይናገር ወረደ።

ጉብታው ላይ ቁጭ ብዬ እስከ ዛሬ በነበረው ድርሻ አሰላሁት፤ አሥራ ሁለቱና ሰባቱ አሥራ ዘጠኝ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ስድስት። መለኪያው ስድስት አሥረኛ አይሞላም። ቁጥር ወርዶ ደስ ሲለኝ ሁለተኛዬ ነው። ግን አምስቱን ምን ላድርጋቸው? ወንድማቸውን የፈሩትን የትኛው ሥር ያወጣቸዋል? ስማቸውን ግን ከመለኪያው ጎን እጽፈዋለሁ፤ ይህ በደንቡ ባይኖርም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23፣ ጊዮርጊስ

ጥብቁ ተከፈተ። ጸሎት ተደረገ፣ ዕጣ ወጣ፣ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ተበተነ። የእናቴ ዕጣ ውኃ አጠገብ፣ ረጅም ሳር ያለበት ጋ ወደቀ። አንዱ ሲያልፍ «ለባልቴት አበዛችሁት» አለ። እናቴ ቀና እንኳ አላለችም። አብረን አጨድን። መዳፌ ተልጦ ደም አለው፤ የቢሮ እጅ መሆኑ ነው። የአሥራ ሁለቱን ቁጥር በጭንቅላቴ ሳባዛ የከረምኩ ሰው የአንድ እስር ሳር ክብደት ዛሬ አወቅኩ።

አቶ ፍቅሬ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ኔትዎርኩ ቆረጠልኝ፣ ጎሽ። በመልእክት የላከው ደርሷል፦ «ባነሩ ይሰቀላል።» መልሼ ሦስቱን ቁጥሮች ብቻ ላክሁለት። ከሥራቸው ሰባት የሴት ስም፣ ከዚያ አምስት። ማርች 8 ለሚሰበሰበው ሕዝብም እንደማነበው ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ተሸክመን ወረድን። አጎቴ የግቢው በር ላይ ቆሟል፣ ሁለት እጁን በበሩ ግራና ቀኝ ዘርግቶ።

«በኔ በር ሳርሽ አይገባም» አለ ለእናቴ።

«ወንድም ነህ?» አልኩት። ጮክ ብዬ። «ይህ ወንድምነት ነው?»

«አንቺን አላናገርኩም። ጭስ ቆጥራችሁ ወጥታችኋል፤ እንግዲህ የምትገቡበትን እወቁ።»

እኔ ለመጮህ፣ ለመሳደብ፣ ሰው ለመጥራት ተዘጋጅቼ ነበር። እናቴ ግን ሸክሟን ቀስ ብላ አወረደች፤ ነጠላዋን አነሣች፣ ወገቧን ታጠቀች። በካቡ ዙሪያ ሄደች። ከጎጆዋ ጀርባ፣ ካቡ ዝቅ ያለበት ቦታ ስትደርስ የላይኛውን ድንጋይ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁለተኛውን።

«አስካለች! ምን ልትሆኚ ነው? የአባታችን ካብ ነው እኮ!» አጎቴ ከወዲያ እየሮጠ መጣ።

«የአባታችን ነው» አለች፣ ድንጋይ እያነሣች። «ያንተ አባት ብቻ አልነበረም።»

እኔም ሸክሜን ጥዬ ማንሣት ጀመርኩ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፤ የተላጠ መዳፌን ያቃጥለዋል። አጎቴ ከውስጥ ቆሞ ያያል። ድንጋዩን ነጥቆ መልሶ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ከሁለታችንም ይጠነክራል። አላደረገውም። ለምን እንዳላደረገው አላውቅም፣ አልጠየቅኩትምም። ከቆይታ በኋላ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ማድቤቱን ከፈተና ወደ ቤቱ ገባ።

ሳሩን በከፈትነው በኩል አሳለፍነው። እናቴ ላቧን ጠርጋ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየችና «አጸደ፣ ሒሳብ ዐዋቂዋ፣ ይህ ግቢ አሁን ስንት በር አለው?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«ጻፊዋ» አለች።

ጻፍኩ። ጣራዋ ከትናንት ጀምሮ ግማሹ ክፍት ነው። የሚከድንልን ሰው ነገ ከቅዳሴ በኋላ ልንፈልግ ነው፤ የሚደፍር ይገኝ አይገኝ እንጃ። በምሥራቅ በኩል ደመናው ጠቁሯል፣ ሳሩን ወደ ውስጥ አስገብተነዋል።